የቴክ አመራር ሹመት፦ ተሰጥኦ፣ የቴክኒክ ክህሎት፣ እድል — የቱ ስንቱን ይወስናል?

ስንቅ_ያዥ (ጠያቂ)

ስለ ቴክ ሊድ፣ ስለ ኢንጂነሪንግ ማናጀር ወይም ስለ ሲቲኦ (ዋና የቴክኖሎጂ ኃላፊ) ሹመት ወሬ ሲነሣ ሁሌም ሁለት ወገን አለ። አንዱ «ጎበዝ የትም ቢደበቅ ይታያል፤ ሥራህን አሳምር፣ ሌላው በራሱ ጊዜ ይመጣል» ይላል። ሌላው «ሁሉም የቀን ጉዳይ ነው፤ የሚያድግ ድርጅት ውስጥ በሚያድግበት ሰዓት የተገኘ ይሾማል፣ ያልተገኘ ባለበት ይረግጣል» ይላል። ሁለቱም ምሳሌ አያጡም፤ ስለዚህ ምሳሌ በመወራወር ክርክሩ አያልቅም።

ጉዳዩን በደንብ የምታውቁ ሰዎች ሦስት ነገር ብታብራሩልን። አንደኛ፣ የእድል ድርሻ በየደረጃው እኩል ነው ወይስ ወደ ላይ ሲወጣ ይለያያል? ሁለተኛ፣ መሪ የሆነ ሰው ኮድ ካልጻፈ የቴክኒክ ክህሎት ለምኑ ይሆነዋል? ሦስተኛ፣ አንድ ውጤት በችሎታ ይምጣ በእድል እንዴት ይለያል? «ጠንክረህ ሥራ» የሚል ምክር አልፈልግም፤ ቁጥር፣ አሠራር፣ የት ላይ እንደሚበላሽ ቢሆን ደስ ይለኛል።

---

ቁጥር_ይናገር

የመጀመሪያውን ጥያቄ በሂሳብ ልጀምረው። እድል ከጠቅላላው ነጥብ 2 በመቶ ብቻ ድርሻ ይኑረው፤ ቀሪው 98 በመቶ ብቃት ይሁን። ይህን የሰማ ሁሉ «እንግዲያው እድል ከቁጥር አይገባም» ይላል።

አሁን 100,000 ተወዳዳሪ አሰልፍ። ብቃታቸው ከ0 እስከ 100፣ እድላቸውም ከ0 እስከ 100 እኩል ተበትኗል። ከሁሉ የሚበልጠው ሰው ብቃቱ 100 ነው፤ እድሉ ግን መካከለኛ፣ 50። ነጥቡ 98 ሲደመር 1፣ ማለትም 99.0 ይሆናል። ብቃቱ 99.5 እድሉ 90 የሆነው ሰው ደግሞ 97.51 ሲደመር 1.8፣ 99.31 አገኘ። ቀደመው። ብቃታቸው ከ99.5 በላይ የሆኑ 500 ያህል ሰዎች አሉ፤ ከእነዚህ ከአሥር አንዱ እድሉ ከ90 ይበልጣል። ስለዚህ ከሁሉ ጎበዙን የሚቀድሙት ቢያንስ 50 ሰዎች ናቸው፣ ያውም እድል 2 በመቶ ብቻ ድርሻ ባለው ውድድር።

በሌላ በኩል ብቃቱ 80 የሆነ ሰው እድሉ ሙሉ 100 ቢሆንለት 78.4 ሲደመር 2፣ 80.4 ላይ ይቆማል። እድል ደካማውን ከላይ አያወጣውም፤ ጎበዞች በተፋፈጉበት ቦታ ላይ ግን የሚመርጠው እሱ ነው።

ከዚህ ተነስቶ የደረጃውን ነገር መመለስ ቀላል ነው። ለአንድ ቡድን ቴክ ሊድነት 5 ሰው ሲወዳደር በአንደኛውና በሁለተኛው መካከል ያለው የብቃት ክፍተት ብዙ ጊዜ ሰፊ ነው፤ ትንሽ እድል ቅደም ተከተሉን አያፋልሰውም። ለትልቅ ኩባንያ ዋና ሥራ አስፈጻሚነት ግን የሚቀርቡት በየደረጃው ሲነጠሩ የመጡ ናቸው። ልዩነታቸው ጠባብ፣ ብዛታቸው ትልቅ። ወደ ላይ በወጣህ ቁጥር የብቃት ጥያቄው ይከብዳል፣ የምርጫው ጉዳይ ደግሞ ይበልጥ በእድል እጅ ይወድቃል። ሁለቱ አብረው እውነት መሆናቸው ነው ሰውን የሚያደናግረው።

እ.ኤ.አ. በ2018 የካታኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ፕሉኪኖ፣ ቢዮንዶና ራፒሳርዳ ይህን በኮምፒውተር ሞዴል ሠርተውታል። 1,000 ሰዎች፣ እያንዳንዳቸው 10 መነሻ ካፒታል፣ የ40 ዓመት የሥራ ዘመን፣ በየ6 ወሩ አንድ እርምጃ። ተሰጥኦ በአማካይ 0.6 ነው፣ መደበኛ ልይይቱ 0.1። ጥሩ አጋጣሚ ሲመጣ ሰውዬው በተሰጥኦው ልክ የመጠቀም ዕድል አለው፣ ከተጠቀመበት ካፒታሉ በእጥፍ ያድጋል፤ መጥፎ አጋጣሚ ሲመጣ ካፒታሉ በግማሽ ይቀንሳል። በአንዱ ሙከራ ከሁሉ የበለጸገው ሰው 2,560 ላይ ደረሰ። ተሰጥኦው ስንት ነበር? 0.61፣ ከአማካዩ ጥቂት ከፍ ያለ። 2,560 ማለት 10 ስምንት ጊዜ በእጥፍ ሲባዛ ነው፤ ልዩነቱን ያመጡት እነዚያ ስምንት እጥፎች ናቸው።

አንድ ነገር ልጨምር። ቀደም ብሎ የመጣ እድል ዘግይቶ ከመጣው ይበልጣል፤ ምክንያቱም የሚቀጥለውን ይጠራል። እ.ኤ.አ. በ1968 የሶሲዮሎጂ ሊቁ ሮበርት መርተን ይህን በሳይንቲስቶች ዝና ላይ አይተው ስሙን ከማቴዎስ ወንጌል ወሰዱለት፤ «ላለው ሁሉ ይሰጠዋልና» ከሚለው። በቴክ ውስጥ መልኩ እንዲህ ነው፦ በመጀመሪያው ዓመት ሰው የሚያየው ፕሮጀክት ላይ የተመደበ፣ በሁለተኛው ዓመት «ያንን የሠራው» ተብሎ ሌላ ይሰጠዋል። ምደባው ግን ብዙ ጊዜ የዚያን ሳምንት ማን ሥራ ፈት እንደነበር ብቻ ነው የሚናገረው።

---

ኦንኮል_ተረኛ

ሁለተኛውን ጥያቄ እኔ ልውሰደው።

ፕሮግራመር እያለህ ክህሎት ማለት የሚሠራ ኮድ መጻፍ ነው። መሪ ስትሆን ክህሎት ማለት ሌላው ባመጣው ዲዛይን ውስጥ የሚፈርሰውን ቦታ ሳይፈርስ ማየት ነው። በጥቅሉ ከምናወራ አንድ ዲዛይን እንይ።

ሀ የሚባል ሰርቪስ (የሲስተሙ አንድ ክፍል የሆነ ፕሮግራም) ለን ይጠራል፣ ለ ሐን ይጠራል፣ ሐ ዳታቤዙን ይጠይቃል። በሦስቱም ላይ «ጥሪው ካልተሳካ በጠቅላላው 3 ጊዜ ይሞከር» ተብሎ ተጽፏል። ለየብቻቸው ሲነበቡ ማንም አይቃወማቸውም፤ እንዲያውም ጥንቃቄ ይመስላሉ። ዳታቤዙ የተንገዳገደ ቀን ግን ከተጠቃሚው የመጣው አንድ ጥያቄ 3 በ3 በ3 ተባዝቶ 27 ጥሪ ይሆንና ዳታቤዙ ላይ ይወርዳል። ሊተነፍስ የሚገባው ዳታቤዝ በዚያው ሰዓት ይታነቃል። ተጠቃሚው ደግሞ ገጹ አልከፈት ሲለው ሪፍሬሽ እያደረገ ሌላ 27 ይልክበታል።

ክህሎት ያለው መሪ ኮዱን ሳይከፍት ሦስት ነገር ይጠይቃል። ድጋሚ ሙከራው የት ላይ ነው? አንድ ቦታ ብቻ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከላይኛው እርከን ላይ መሆን አለበት። በሙከራዎቹ መካከል ስንት ይጠበቃል? 100፣ 200፣ 400 ሚሊሰከንድ እያለ በእጥፍ ይጨምር፣ በዚያ ላይ የዘፈቀደ ጭማሪ ይኑረው፤ አለዚያ የወደቁት ሁሉ እኩል ተነስተው እኩል ይመለሳሉ። ታይምአውቱስ (መልስ የሚጠበቅበት የጊዜ ገደብ)? የሀ ታይምአውት ከለ ካነሰ፣ ሀ ተስፋ ቆርጦ ከሄደ በኋላ ለ ማንም ለማይጠብቀው መልስ ሲለፋ ይቆያል።

ሌላ ማሳያ። ዲዛይኑ አንድ ገጽ ለመክፈት 10 ሰርቪስ የግድ መሥራት አለባቸው ይላል፤ እያንዳንዳቸው 99.9 በመቶ ጊዜ ይሠራሉ። አንድ ሰርቪስ ብቻውን በ30 ቀን ውስጥ 43 ደቂቃ ያህል ይቋረጣል። አሥሩ ተያይዘው፣ መቋረጣቸውም የተለያየ ሰዓት ላይ ከሆነ፣ ውጤቱ ወደ 99.0 በመቶ ይወርዳል፤ ይህ በወር 7 ሰዓት ገደማ ነው። ለደንበኛ «99.9 በመቶ እንሠራለን» ብሎ ውል የፈረመ መሪ ይህን ማባዛት ካልቻለ ሊጠብቀው የማይችለውን ቃል ነው የገባው። ከዚያ በኋላ ሲስተሙ ሲቋረጥ «እድለ ቢስ ነን» ይላል። እድል ምን በወጣት!

ይህ ዓይነቱ ክህሎት ሳይነካ ከተቀመጠ ይዝጋል። እንዳይዝግ የሚያደርገው ኮድ መጻፍ ብቻ አይደለም። በሳምንት ሁለት ዲዛይን ዶክመንት እስከ መጨረሻው አንብቦ አስተያየት መጻፍ፣ የኢንሲደንት (የሲስተም ብልሽት) ግምገማ ላይ መቀመጥ፣ በየሦስት ወሩ ፕሮጀክቱን ባዶ ኮምፒውተር ላይ ከመጀመሪያው ጭኖ ማስነሳት። የመጨረሻው ቀላል ይመስላል፤ አዲስ ሠራተኛ በመጀመሪያው ሳምንቱ የሚያየውን ስቃይ የሚያሳይ ሌላ መንገድ ግን የለም። ኮድ መጻፍ የሚፈልግ መሪ ቡድኑ የማይጠብቀውን ይጻፍ፦ የውስጥ መሣሪያ፣ ቴስት፣ የሙከራ ናሙና። ዋናው መንገድ ላይ ያለ ኮድ ከያዘ፣ እሱ ስብሰባ ላይ በዋለ ቁጥር አምስት ሰው እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል።

አሁን ስለ ሹመቱ። ሎረንስ ፒተር እ.ኤ.አ. በ1969 ያሰፈሩት መርህ ሰው ባለበት ቦታ ጎበዝ ስለሆነ ይሾማል፣ የማይችልበት ቦታ ሲደርስ እዚያው ይቀራል ይላል። ቤንሰን፣ ሊ እና ሹ የተባሉ ኢኮኖሚስቶች በሽያጭ ሠራተኞች መረጃ ላይ ሲፈትሹት ድርጅቶች የሚሾሙት ከሁሉ የበለጠ የሸጡትን መሆኑን፣ የእነዚያ ሰዎች ቡድን ግን በአማካይ ውጤቱ ዝቅ እንደሚል አገኙ። በቴክም መንገዱ ያው ነው፦ በጣም ፈጣኑን ፕሮግራመር ታነሳለህ፣ ከዚያ አንድ ጥሩ ፕሮግራመር ታጣለህ፣ አንድ ያልሠለጠነ ማናጀር ታገኛለህ።

ጉግል እ.ኤ.አ. በ2008 የጀመረው ፕሮጀክት ኦክስጅን ደግሞ የጥሩ ማናጀሮችን 8 ባሕርያት ሲዘረዝር የቴክኒክ ክህሎት መጨረሻው ላይ ተቀመጠ። ይህን ይዘው «ማናጀር ቴክኒክ አያስፈልገውም» የሚሉ ብዙ ናቸው። ተሳስተዋል። እዚያ የተለኩት ማናጀሮች የቴክኒክ ፈተናውን አልፈው የገቡ ናቸው። ረጃጅሞች ብቻ በተሰለፉበት የቅርጫት ኳስ ቡድን ውስጥ ቁመት ከነጥብ ጋር ያለው ዝምድና ደካማ ሆኖ ይታያል፤ ይህ ግን አጭር ሰው ይግባ ማለት አይደለም።

---

ዝም_ብዬ_ላልፍ_ነበር

ተሰጥኦን ሁላችሁም አለፋችሁት። ከክህሎት የሚለየው በአንድ ነገር ነው፦ አዲስ ነገርን የመማር ፍጥነት። ሁለት ሰዎች አንድ ቋንቋ ሲማሩ አንዱ በ3 ሳምንት፣ ሌላው በ3 ወር ይደርሳል። ከ5 ዓመት በኋላ ሁለቱም ያንን ቋንቋ እኩል ያውቃሉ፤ ተሰጥኦው የሚታየው መስኩ ሲቀያየር ብቻ ነው። ስለዚህ አንድ ቴክኖሎጂ ላይ ለረጅም ጊዜ በሚቆይ ድርጅት ውስጥ ተሰጥኦ ዋጋው ይቀንሳል፣ በየሁለት ዓመቱ ሁሉ ነገር በሚገለበጥበት ዘርፍ ይጨምራል።

ጉዳቱም አለ። ፈጣን ሰው መሪ ሲሆን ስብሰባ ላይ መልሱን ቀድሞ ይናገራል። ትክክል ነው፣ ችግሩም እሱ ነው፤ ከጥቂት ወራት በኋላ ማንም ሳይጠየቅ አያስብም። መድኃኒቱ ተራ ነገር ነው፦ ጥያቄው በጽሑፍ ይቅረብ፣ ሁሉም 10 ደቂቃ አንብቦ ሐሳቡን ይጻፍ፣ ከሁሉ ከፍ ያለ ሥልጣን ያለው መጨረሻ ይናገር።

---

ግራ_ቀኝ

ቁጥር_ይናገር ያመጣው የካታኒያ ሞዴል ላይ ቅሬታ አለኝ። ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ነውና የሞዴሉን ሕግ እንደገና እናንብበው። ጥሩ አጋጣሚ ሲመጣ ተሰጥኦ ይቆጠራል፣ መጥፎ አጋጣሚ ሲመጣ ግን ተሰጥኦ ምንም አያደርግም። ሁሉም ሰው እኩል በግማሽ ይቀንሳል። በዚህ ሕግ ከተነሳህ እድል ማሸነፉ አይቀርም፤ መልሱ ጥያቄው ውስጥ ተቀብሯል።

በቴክ አመራር ግን የክህሎት ዋናው ሥራ ያንን ግማሽ ማሳነስ ነው። ሂሳቡ ይህንን ያሳያል። 50 በመቶ ያጣ ሰው ወደ ነበረበት ለመመለስ 100 በመቶ ማደግ አለበት። 10 በመቶ ያጣ 11 በመቶ ገደማ ይበቃዋል። ጉዳቱን ያሳነሰ ሰው እድሉ ሳይቀየር ሌላ ሕይወት ይኖራል።

ይህ በሥራ ላይ ምን ይመስላል? አዲስ ስሪት ሲለቀቅ በአንዴ ለሁሉም አይሄድም፤ መጀመሪያ ለ1 በመቶ ተጠቃሚ፣ ከዚያ 5፣ 25፣ 100። በየእርከኑ የስህተት ብዛትና የምላሽ ፍጥነት ይታያል፣ ከተቀመጠው መስመር ካለፈ ማንንም ሳይጠይቅ ወደኋላ ይመለሳል። እዚህ ላይ ሁለት ነገር ይበላሻል። አንዱ 1 በመቶው ትንሽ ሰው ሆኖ ስህተቱ ሳይታይ ማለፉ ነው፤ በሰዓት 2,000 ጥያቄ የሚመጣበት ሲስተም ላይ 1 በመቶ ማለት 20 ጥያቄ ነው፣ ከመቶ አንድ ጊዜ የሚከሰት ስህተት በ20 ውስጥ ላይታይ ይችላል። በዚህ መጠን አንድ ቀን መጠበቅ ወይም ከ10 በመቶ መጀመር ይሻላል። ሁለተኛው የዳታቤዝ ለውጥ ነው። ኮዱ ወደኋላ ይመለሳል፣ የተሰረዘ ኮለም (የዳታ ዓምድ) ግን አይመለስም። ስለዚህ አዲሱ ኮለም ይጨመራል፣ ኮዱ ለጊዜው ሁለቱም ላይ ይጽፋል፣ አሮጌው የሚሰረዘው ማንም እንደማያነበው ከተረጋገጠ ከሳምንታት በኋላ ነው።

ባክአፕም እንደዚያው። «ባክአፕ አለን» ማለት ምንም ማለት አይደለም። በየሦስት ወሩ ባዶ ማሽን ላይ መልሶ አንስቶ ስንት ሰዓት እንደፈጀ የጻፈ ቡድን ብቻ ነው ባክአፕ ያለው።

ጥሩው እድልም ቢሆን ተዘጋጅቶ ለሚጠብቀው ነው የሚጠቅመው። ሦስት የታወቁ ነገሮችን እንይ።

እ.ኤ.አ. በ1980 አይቢኤም ለግል ኮምፒውተሩ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ሲፈልግ ከዲጂታል ሪሰርች ጋር መስማማት አልቻለም፣ ወደ ማይክሮሶፍት ተመለሰ። ይህ እድል ነው። ማይክሮሶፍት ሲስተሙ አልነበረውም፤ ከሲያትል ኮምፒውተር ፕሮዳክትስ ገዛው። ለአይቢኤም ሲሰጥ ግን ለሌሎች አምራቾችም የመሸጥ መብቱን ለራሱ አስቀረ። የሺ ፍልጥ ማሠሪያው ልጥ እንዲሉ፣ ተመሳሳይ ኮምፒውተር የሚሠሩ ኩባንያዎች ሲበዙ ገንዘቡን ያመጣችው ያቺ አንቀጽ ናት። አንቀጿን እድል አልጻፋትም።

የግራፊክስ ቺፕ አምራቹ ኤንቪዲያ ኩዳ የተባለውን የፕሮግራም መጻፊያ መሣሪያ እ.ኤ.አ. በ2006 ይፋ ሲያደርግ በጌም ካርዶቹ ላይ ማንኛውም ተመራማሪ የራሱን ስሌት ማስኬድ እንዲችል ነበር። ለዓመታት ገበያው ብዙም አላደነቀለትም። በ2012 አሌክስኔት የተባለ የኤአይ ሞዴል የምስል መለየት ውድድሩን ሲያሸንፍ የሠለጠነው በሁለት ጂቲኤክስ 580 የጌም ካርዶች ነው። ያ ግኝት በዚያ ዓመት መምጣቱን የኩባንያው መሪ ጄንሰን ህዋንግ አልወሰኑም። መሣሪያው በርካሽ ካርድ ላይ፣ በተማሪ እጅ ውስጥ እንዲገኝ ማድረግ ግን የኩባንያው ውሳኔ ነበር።

ሊሳ ሱ የቺፕ አምራቹ ኤኤምዲ ዋና ሥራ አስፈጻሚ የሆኑት በጥቅምት 2014 እ.ኤ.አ. ነው። ዜን የተባለው የፕሮሰሰር ንድፍ ያን ጊዜ ተጀምሯል፣ ለገበያ የበቃው ግን በ2017። በዚያው ዘመን የተፎካካሪው የኢንቴል 10 ናኖሜትር የቺፕ ማምረቻ ሂደት ዓመታት ዘገየ። የተፎካካሪ መሰናከል እድል ነው። ኢንቴል ባይሰናከል ኤኤምዲ ይህን ያህል አያድግም ነበር ብሎ መከራከር ይቻላል፤ ዜን ባይኖር ግን ኢንቴል ቢወድቅ እንኳ ኤኤምዲ የሚሸጠው ነገር አልነበረውም።

---

ቁጥር_ይናገር

ግራ_ቀኝ ልክ ነህ፤ የሞዴሉን ጉድለት እቀበላለሁ። አንድ ነገር ግን አትርሳ፦ ሦስቱም ምሳሌዎችህ የተረፉ ናቸው። ጥሩ አንቀጽ ጽፈው፣ ጥሩ መሣሪያ አዘጋጅተው፣ እድሉ ያልመጣላቸው ኩባንያዎች ስማቸው አይነሳም። ዝግጅት የግድ ነው፤ በቂ ግን አይደለም።

---

ስንቅ_ያዥ (ጠያቂ)

በጣም ጥሩ ነው፣ ተባረኩ። ሦስተኛው ጥያቄ ግን ቀርቷል። ውሳኔው ጥሩ ስለነበር ነው የተሳካው ወይስ ተርፎ ነው? ይህን መዝግቦ ማወቅ ይቻላል?

---

መዝገብ_ቤት

ይቻላል፣ ግን ማስታወስን አትመን። ነገሩ ከተሳካ በኋላ አእምሮ «አውቀው ነበር» ይላል። የሚያዋጣው የውሳኔ መዝገብ ነው፤ ውጤቱ ከመታወቁ በፊት የሚጻፍ፣ ከተጻፈ በኋላ የማይነካ።

አንድ ግቤት እንዲህ ይመስላል፦

«ውሳኔ፦ ሪፖርት የሚያወጣውን ክፍል ከዋናው ዳታቤዝ ወደ ቅጂው እናዛውራለን። የተተዉ አማራጮች፦ ኢንዴክስ መጨመር፤ ሪፖርቱን ሌሊት ብቻ ማስኬድ። ትንበያ 1፦ በ6 ሳምንት ያልቃል፣ 60 በመቶ። ትንበያ 2፦ የዋናው ገጽ ምላሽ ከ800 ሚሊሰከንድ ወደ 300 ወይም ከዚያ በታች ይወርዳል፣ 75 በመቶ። ሐሳብ የሚያስቀይር፦ ቅጂው ከዋናው ከ30 ሰከንድ በላይ ወደኋላ ከቀረ። የሚገመገመው፦ ከ8 ሳምንት በኋላ።»

አንድ ግቤት ከ10 ደቂቃ በላይ መውሰድ የለበትም፤ ከወሰደ ትተወዋለህ። ከስድስቱ መስመሮች ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚዘሉት «የተተዉ አማራጮች» የሚለውን ነው። እሱ ከሌለ በኋላ ላይ ውሳኔው ጥሩ ይሁን መጥፎ መመዘን አይቻልም፣ የሚወዳደርበት ነገር የለማ።

ነጥብ አሰጣጡ ቀላል ነው። ነገሩ ከሆነ 1፣ ካልሆነ 0 ትላለህ። ከትንበያህ ጋር ያለውን ልዩነት ወስደህ በራሱ ታባዛለህ። 0.75 ብለህ ከተሳካ ልዩነቱ 0.25፣ ነጥቡ 0.0625። ካልተሳካ ልዩነቱ 0.75፣ ነጥቡ 0.5625። የሁሉንም አማካይ ትወስዳለህ፤ ባነሰ ቁጥር ይሻላል። ሁሉም ላይ 0.5 የሚል ሰው ሁልጊዜ 0.25 ያገኛል፤ ስለዚህ አማካይህ ከ0.25 በላይ ከሆነ ሁሌም 0.5 ከሚለው ሰው ብሰሃል ማለት ነው። ይህ የብራየር ነጥብ ይባላል፣ የአየር ትንበያ ባለሙያዎች ከ1950 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚያውቁት ነው።

ከ30 ትንበያ በታች ይዘህ ስለራስህ አትፍረድ። ከ30 በኋላ ደግሞ በቡድን በቡድን እይ፦ 80 በመቶ ካልኳቸው መካከል ስንቱ ሆነ? ከ10ሩ 5ቱ ብቻ ከሆኑ ከልክ በላይ ተማምነሃል። አብዛኛው ሰው የሚወድቀው በጊዜ ግምት ላይ ነው፤ የቴክኒክ ትንበያው ደህና ሆኖ «በ6 ሳምንት ያልቃል» የሚለው ግን ተከታትሎ ይሳሳታል። ይህ በአንድ ጊዜ ሊታረም የሚችል ስህተት ነው፦ ያለፉትን አሥር ፕሮጀክቶች የታሰበውንና የፈጀውን ጊዜ ጎን ለጎን ጻፍ፣ መካከለኛውን ምጣኔ ያዝ፣ አዲሱን ግምት በሱ አባዛው።

እድልን ከችሎታ የምትለየው ግምገማው ቀን ላይ ነው። ውጤቱን ከማየትህ በፊት የያኔውን መረጃ ብቻ ይዘህ ውሳኔውን ስጠው ነጥብ። ከዚያ ውጤቱን እይ። በጣም ጠቃሚዋ ሳጥን «ውሳኔው መጥፎ፣ ውጤቱ ጥሩ» የምትለዋ ናት፤ ማንም ግምገማ አይጠራባትም፣ ሁሉም ደስ ብሎት ይበተናል። ቴስት ሳይደረግ ዓርብ ማታ የተለቀቀ ስሪት ምንም ሳይፈጥር ቢያልፍ ቡድኑ የሚማረው «ዓርብ ማታ ይቻላል» የሚለውን ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፤ የሚፈታው ግን በአምስተኛው ወይም በአሥረኛው ዓርብ ስለሆነ ማንም ከመጀመሪያው ጋር አያያይዘውም።

መዝገቡ የሚበላሽባቸው መንገዶች፦ «አፈጻጸሙ ይሻሻላል» ብሎ ቁጥር የሌለው ትንበያ መጻፍ (ሁሌም ልክ ትሆናለህ)፣ ትልልቅ ውሳኔ ብቻ መመዝገብ (በዓመት ሦስት ግቤት ይዘህ ትቀራለህ)፣ እና መዝገቡን ለሰው መገምገሚያ ማድረግ። የመጨረሻው ከተደረገ በሁለተኛው ወር ሁሉም ሰው 55 በመቶ ብሎ መጻፍ ይጀምራል።

---

ሁለት_ስም

ስለ እድሉ አንድ በእጅ ያለ ነገር ልጨምር፦ የሙከራ ብዛት። አንድ ሙከራ 5 በመቶ የመሳካት ዕድል ካለው፣ 3 ሙከራ 14 በመቶ ገደማ ይሰጥሃል፣ 20 ሙከራ 64 በመቶ። ግን ሙከራዎቹ እርስ በርስ የማይደገፉ ከሆነ ነው። ሃያውም አንድ ማናጀር ፊት ከሆኑ አንድ ሙከራ ናቸው፤ ሰውዬው ካልወደደህ ሃያውም ይወድቃሉ። የ2 ዓመት ግዙፍ ፕሮጀክትም አንድ ሙከራ ነው፣ ያውም ውድ። ርካሾቹ እነዚህ ናቸው፦ ዲዛይን ዶክመንትን ከራስ ቡድን ውጭ ላሉ ሁለት ሰዎች መላክ፣ የኢንሲደንት ግምገማ መጻፍን መውሰድ፣ ሁለት ቡድን የሚነካካበትንና ማንም የእኔ የማይለውን ችግር መያዝ። ሦስተኛው ከሌሎቹ ይበልጣል፤ ሥራው የመሪ ሥራ ስለሆነ ከሹመት በፊት ሹመቱን ያሳያል።

ከዚያ ስብሰባው አለ። የእድገት ውሳኔ የሚሰጠው አንተ በሌለህበት ነው። እዚያ ውስጥ ምክር የሚሰጥህ ሰው ሳይሆን ስምህን የሚያነሳ ሰው ነው የሚያስፈልገው፤ ሁለቱ አንድ አይደሉም፣ ብዙ ሰው የመጀመሪያውን ይዞ ሁለተኛው ያለው ይመስለዋል። ስም አንሺው ለአንድ ሰው ጥቂት ደቂቃ ነው የሚኖረው። ስለዚህ አንድ ገጽ ይሰጠው፦ ችግሩ ምን ነበር፣ አንተ የወሰንከው የትኛውን ነው (ቡድኑ ሳይሆን አንተ)፣ ቁጥሩ ከምን ወደ ምን ሄደ፣ ማን ሊመሰክር ይችላል።

ስም አንሺ ሁለት ይሁኑ፣ ከሁለት የተለያየ መስመር። በቴክ ሥራ ላይ በጣም የተለመደው መጥፎ አጋጣሚ የማናጀር መቀየር ነው። አዲሱ ሲመጣ ያለፈው ዓመት ሥራህ ከቃል የዘለለ ማስረጃ ከሌለው ከዜሮ ትጀምራለህ። ማናጀሩ እንደሚሄድ ከተሰማ በዚያው ሳምንት አንድ ገጽ የርክክብ ማስታወሻ አብሮ መጻፍና ለተተኪው በሚሄደው ሰው ስም እንዲላክ መጠየቅ ይቻላል፤ አብዛኛው እምቢ አይልም፣ የሚጠይቀው ሰው ጠፍቶ ነው እንጂ።

---

ስንቅ_ያዥ (ጠያቂ)

ማስታወሻው ውስጥ ያልተሳካ ፕሮጀክትም ይግባ?

---

ሁለት_ስም

አንድ ይግባ። ምን ታስቦ እንደነበር፣ የት ላይ እንደተቆመ፣ ለመቆም ማን እንደወሰነና በዚያ ስንት ወር እንደተረፈ በሦስት መስመር። አዲሱ ማናጀር ነገሩን ከሌላ ሰው አፍ ከመስማቱ በፊት።